እማዬ ካርድ ያለቀባት ሳምንት

ጥር ላይ እማዬ ዘጌ ቡና ስትለቅም እግሯ ተንሸራቶ ወደቀች። ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። እኔ ይህን የሰማሁት በስድስተኛው ቀን ነው። ያውም ከእሷ አፍ አይደለም። ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ይዛ የመጣች ጎረቤታችን ሱቄ ጎራ ብላ «እናትሽ እግሯን ታማ ተኝታለች እኮ፣ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ደወልኩ። ሁለቴ እንደጠራ አነሳች።

«እማዬ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ካርዱ አልቆ ነው ልጄ።»

«ሚስኮል ብታደርጊልኝስ?»

«እሱም እምቢ አለኝ። የሰው ስልክ መለመን ደግሞ አልወድም።»

እውነቷን ነው። ሂሳቡ ዜሮ ከሆነ ሚስኮልም አይሄድም። እኔ ደግሞ በእነዚያ ስድስት ቀናት አልደወልኩም። የምዝገባ ሰሞን ስለነበር ፎቶ ኮፒው ከጠዋት እስከ ማታ አላረፈም። ነገ እደውላለሁ ስል ቀኑ ሄደ። በዚያው ሳምንት ስልኬ ላይ የድምፅ ጥቅል ነበረኝ። እሑድ ሌሊት ጊዜው ሲያልፍ 94 ደቂቃ ሳይነካ ተቃጠለ።

እናቴ አንድ ደቂቃ አጥታ እግሯን በጨርቅ አስራ ተቀምጣለች። እኔ ጋ 94 ደቂቃ ይቃጠላል። ይህ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። ስለ ርካሽና ነጻ የስልክ አገልግሎት ቁጭ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ካርድም እሸጣለሁ። ሰው ለስልክ ብሎ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ካርድ የሚሸጥ ሰው ያውቀዋል። ተማሪ ይመጣል። «እትዬ፣ ካርድ አለ?» ይላል። «የስንት?» «የ10።» ባንኮኒው ላይ በሳንቲም ይፍቀዋል። ቁጥሩን ያስገባል። ከዚያ ስልኩን ይዞ ይቆማል። ለቤተሰብ ይደውልበት? ዳታ ይግዛበት? አንዳንዱ ሳይወስን ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ የልጅ ሒሳብ አይመስለኝም። የቤት አስተዳዳሪ ሒሳብ ነው።

እሑድ ጠዋት በጀልባ ዘጌ ሄድኩ። እግሯን አየሁት። ደግነቱ ስብራት አልነበረም። ቡና ካላፈላሁ አለች፣ በዚያ እግሯ። እኔ አፈላሁና ስልኳን ተቀበልኳት። የቁልፍ ስልክ ነው። የ5 ቁጥሩ ተፍቆ ጠፍቷል። የባትሪው ክዳን እንዳይወልቅ በላስቲክ ታስሯል። መልእክት ማስቀመጫውን ስከፍት ደነገጥኩ። ከመቶ በላይ ያልተነበበ መልእክት። አብዛኛው ከአንድ አጭር ቁጥር የመጣ ነው። ምክር ነው፣ ጥቅስ ነው፣ የጤና መረጃ ነው እያለ በየቀኑ ይልክላታል። በየቀኑም 1 ብር ይቆርጣል።

እማዬ ማንበብ አትችልም።

የሆነ ቀን ስክሪኑ ላይ አንድ ነገር መጥቶ እሺ የሚለውን ተጭናለች መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ካርድ በሞላች ቁጥር ያ ቁጥር ድርሻውን ይወስዳል። የ15 ብር ካርድ ሞልታ ሁለት ጊዜ ትደውልና «አለቀ» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ረጅም አውርታበት ነው እል ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ወደዚያው ቁጥር «ስቶፕ» ብዬ ላክሁ። «ከአገልግሎቱ ወጥተዋል» የሚል መልስ መጣ። ሦስት ተመሳሳይ ቁጥሮች ነበሩ፣ ሦስቱንም አስወጣኋት።

ስለዚህ ርካሽ ጥቅል ከመፈለጋችሁ በፊት የወላጆቻችሁን ስልክ ተቀብላችሁ መልእክቱን ክፈቱ። አሁን ያለውን ሂሳብ በ*804# እዩ። በማግስቱም ሳይደወልበት እንደገና እዩት። ከቀነሰ የሚበላው ነገር አለ።

ከዘጌ እንደተመለስኩ ደብተር ገዛሁ ልላችሁ ነበር፣ ከራሴ መደርደሪያ ነው ያወረድኩት። የካቲትን ሙሉ የቤተሰቡን የስልክ ወጪ ጻፍኩ። የእኔን፣ የእማዬን፣ ፖሊ ግቢ ሦስተኛ ዓመት የሚማረውን ወንድሜን። ማታ ማታ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት እሞላዋለሁ። ማን ደወለ፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ተከፈለ። ጥቅል ጊዜው ሲያልፍ ደግሞ ስንት እንደተረፈ።

ወሩ ሲያልቅ የእኔ 412 ብር ሆነ። የወንድሜ 265። የእማዬ 30። አንድ ላይ 707 ብር።

ለእኔ ግን ከብሩ ይልቅ የተረፈው ዓምድ ነው ያስደነገጠኝ። በአራት ሳምንት የተቃጠለብኝ 71፣ 38፣ 102 እና 66 ደቂቃ ነው። 277 ደቂቃ። ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ነው ይህ። እማዬ በወሩ ሙሉ እኔ ጋ የደወለችው ተደምሮ አንድ ሰዓት አይሞላም።

የሳምንት ጥቅል የምገዛው ለደቂቃ ሲሰላ ርካሽ ስለሆነ ነበር። ለደንበኛም የምመክረው እንደዚያው ነው። ብሩን ለደቂቃው አካፍል፣ ትንሹን ውሰድ። ሒሳቡ ስህተት የለውም፣ ግን የሚሠራው ደቂቃውን ለሚጨርስ ሰው ነው። ግማሹ ከተቃጠለ የአንዱ ደቂቃ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ባለፈው ከገዛኸው ስንት ተረፈህ?» ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል የሚመጣውን መልእክት ሳያይ ያጠፋዋል።

የወንድሜ ደግሞ ተቃራኒ ነው። እሱ ጋ የሚተርፍ የለም። ብር የሚያገኘው በቁርጥራጭ ነው፣ ስለዚህ የሚገዛው የዕለት ዳታ ነው። 10 ብር ዛሬ፣ 10 ብር ነገ። ዘይት በኩባያ የሚገዛ ሰው በሊትር ከሚገዛው ይበልጥ እንደሚከፍለው ማለት ነው። ወንድሜ ይህን አጥቶት አይደለም። የወሩን ዋጋ በአንድ ቀን ማውጣት ስለማይችል ነው። ዶርም ውስጥ ሦስትና አራት ሆነው ተዋጥተው አንድ ትልቅ ዳታ ገዝተው በሆትስፖት የሚካፈሉ ልጆች አሉ። በጣም ብልህ ነገር ነው። ችግሩ አንዱ ቪዲዮ ከከፈተ የሁሉም ያልቃል። በዚህ የተኳረፉ ልጆች ሱቄ ድረስ መጥተው ሲከራከሩ አይቻለሁ።

ከእኔ 412 ብር ውስጥ 63ቱ በአንድ ሌሊት የሄደ ነው። የዳታ ጥቅሌ ማታ አልቋል። እኔ አላየሁም፣ ዳታውንም ሳላጠፋ ተኛሁ። ስልኩ ሌሊቱን መተግበሪያ ሲያድስ፣ ከቴሌግራም ቻናል ቪዲዮ ሲያወርድ ከዋናው ሂሳብ ቆረጠ። ያለ ጥቅል የሚቆረጠው ዋጋ ደግሞ ከጥቅሉ ጋር አይገናኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። ቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ገብቼ ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘጋሁት። መተግበሪያዎች የሚታደሱት በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አደረግሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በነጻ አስተካክላለሁ፣ ኑ።

ወደ ነጻዎቹ ልምጣ።

«እባክዎ መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለውን መልእክት የማያውቅ የለም። ኮከብ 807 ኮከብ፣ ከዚያ ቁጥሩ፣ ከዚያ መሰላል። ሂሳብ ዜሮ ቢሆንም ይሄዳል። ለእኔ ከነጻ አገልግሎት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ግን እማዬ በስድስቱ ቀናት ለምን አልተጠቀመችበትም? ኮከብና መሰላሉን ሳይሳሳቱ ከአሥር ቁጥር ጋር ማስገባት ማንበብ ለማይችል ሰው ቀላል አይደለም። የ5 ቁጥሩም ጠፍቷል፣ የእኔ ቁጥር ውስጥ ደግሞ 5 አለ። ነጻ ተብሎ የተቀመጠው በር ለእሷ ዝግ ነበር።

ያደረግሁት ይህን ነው። ሙሉ ኮዱን ከነኮከቡ፣ ከእኔ ቁጥርና ከመሰላሉ ጋር እንደ አንድ ሰው ስልክ ቁጥር መዘገብኩት። ከዚያ የ4 ቁጥርን ተጭኖ ሲያዝ ያ እንዲደወል አደረግሁ። የ2 ቁጥር እኔን በቀጥታ ይደውላል። የ3 ቁጥር ወንድሜን። 4 ደግሞ «ጥሪኝ» ነው። እዚያው ሞከርናት። እማዬ 4ን በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘች። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እንደገና ተጫነች። እንደገና ጮኸ። «ምንም አልቆረጠም?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ሦስተኛ ጊዜ ተጫነች።

የሚስኮል ነገር ሌላ ነው። በእኛ አገር ሚስኮል ቋንቋ ሆኗል። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውይልኝ»። ጀልባ ላይ የሚሠሩ ልጆች መነሻ ሰዓቱን ሁሉ በሚስኮል ነው የሚነጋገሩት። እኔና እማዬም እንደዚያ ተስማምተናል። ማታ ከመተኛቷ በፊት አንድ ጊዜ ታስጠራና ትዘጋለች። ደህና ነኝ ማለት ነው። ለዚህ ግን ሂሳቡ ዜሮ መሆን የለበትም። ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን 15 ብር አየር ሰዓት እልክላታለሁ። ባትደውልበትም እዚያ ይቀመጣል።

ድሮ ለእሷ ካርድ መላክ ጣጣ ነበር። እዚህ ካርድ ፍቄ፣ ለጎረቤት ልጅ ደውዬ ቁጥሩን አነብለታለሁ። እሱ እየሮጠ ሄዶ ያስገባላታል። አንዱ ቁጥር ከተሳሳተ እንደገና ነው። አሁን ከራስ ሂሳብ በ*806 ማስተላለፍ ይቻላል። ቴሌብር ከመጣ ከግንቦት 2013 ወዲህ ደግሞ ባንኮኒው ላይ ቆሜ በአንድ ደቂቃ እልካለሁ። ጥቅልም እንደዚሁ ስጦታ አድርጎ መላክ ይቻላል። *999# ውስጥ ስጦታ የሚል አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ብዛቱ ይገርመኛል። የራሳችን ጥቅል እየተቃጠለ ለሌላው መግዛት እንደምንችል አናስበውም።

ብድሩስ? በ*810# አየር ሰዓት መበደር ይቻላል። ከአደጋ ያወጣል። ሲሞላ ግን ከነአገልግሎት ክፍያው ነው የሚቆረጠው። ካርድ በሞሉ ቁጥር ያለፈውን ብድር የሚከፍሉ፣ ከዚያ መልሰው የሚበደሩ ደንበኞች አሉኝ። ለአንድ ክፉ ቀን እንጂ ለኑሮ አልመክርም።

ፈጽሞ የማይከፈልባቸው አጫጭር ቁጥሮችን አትርሱ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። 991 ፖሊስ። እነዚህን በወረቀት ጽፌ የእማዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ። እሷ ባታነብም የጎረቤት ልጅ ያነባል። ሌላው 8028 ነው። በ2006 ለገበሬ ተብሎ የተከፈተ መስመር ነው፣ ደውሎ በአማርኛ ስለ ሰብል ምክር መስማት በነጻ ነው። አጎቴ ባሕር ዳር ዙሪያ በቆሎ ያመርታል። ተምች በቆሎውን በገባበት ዓመት 8028 ደውሎ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ ያሰማቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ማሳውን ቃኝቶ ዕንቁላሉንና ትሉን ገና በለጋነቱ በእጅ ለቅሞ መግደል የሚለውን የሰማው ከዚያ ነው። ልጆቹን አሰልፎ ለቀመ። አጎቴ ስለ ስልክ ሲወራ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህን ነው። «የማይቆርጥ ስልክ» ይለዋል።

የካፌና የሆቴል ዋይፋይም ነጻ ይባላል። ማኪያቶ ካላዘዙ ግን ቁጭ ብሎ መጠቀም ያሳፍራል። የማኪያቶውን ዋጋ ለዳታ ብታደርጉት የቀኑን ይችላል። ግቢ ውስጥ ላለ ተማሪ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ አለ፣ ትልልቅ ፋይል እዚያ አውርዱ። ከዚህ ያለፈ አልለውም።

ሁለተኛ ሲም ስለማውጣት የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። መስከረም 2015 ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ አለን። 09 ብቻ ሲሆን የዋጋ ለውጥ የሚጠበቀው ከላይ ነበር። ነሐሴ 2010 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ድምፅን በ40 በመቶ ሲቀንስ የተደሰትነውን አስታውሳለሁ። አሁን 07ም አለ፣ ማወዳደር ይቻላል። ወንድሜም ሁለቱንም ይዟል። ግን ሲም ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ የጥቅሉ ደቂቃ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሌላውም ይሠራል? የምትደውሉላቸው ሰዎች ሁሉ 09 ከሆኑ ወደ 07 ብቻ የሚያስደውል ጥቅል ምን ይሠራላችኋል? ሁለተኛ፣ የምትወዱት ሰው ያለበት ቦታ ይሠራል ወይ?

ይህን ሁለተኛውን በእግሬ ነው ያጣራሁት። ሁለቱንም ሲም ይዤ ዘጌ ሄድኩ። እማዬ ደጃፍ ቆሜ ደወልኩ። ቡናው ውስጥ ገብቼ፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ፣ ጀልባ ማረፊያው ላይ። በየቦታው ስንት መስመር ኔትወርክ እንዳሳየ በደብተሬ ጻፍኩ። ጀልባ ማረፊያው ላይ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ዛፉ ውስጥ ስገባ አንዱ ይቆራረጣል፣ እማዬ ደጅ ላይ ጭራሽ ይጠፋል። ሌላው ቡናው ውስጥም ይሠራል። የትኛው እንደሆነ አልጠራም። በእናንተ ሰፈር ተገላቢጦሹ ሊሆን ይችላል። የምለው ሄዳችሁ ቆማችሁ ደውሉ ነው። ሰው እናቱ ደጅ የማይሠራ ርካሽ መስመር ይዞ ምን ያደርጋል።

አዲስ ሲም ሲወጣ የሚሰጠውን ጉርሻም በጥንቃቄ ነው የማየው። ወንድሜ የመጀመሪያውን ሰሞን በጉርሻ ሲያወራ ከረመ። ጉርሻው ሲያልቅ ያ የማውራት ልማድ አብሮ አላለቀም።

እኅቴ ሪያድ ነው የምትሠራው። ከእሷ ጋር የምንገናኘው በኢሞ ነው። አንድ ቀን ለካሁት። አሥር ደቂቃ በድምፅ ብቻ ስናወራ ወደ 5 ሜጋባይት ሄደ። በቪዲዮ ሲሆን አሥር ደቂቃው ወደ 60 ሜጋባይት በላ። ፊቷን ማየት እወዳለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ በቪዲዮ፣ ቀሪውን በድምፅ ሆነ። ነጻ ጥሪ የሚባለው እንደዚህ ነው። ጥሪው አይከፈልበትም፣ መንገዱ ይከፈልበታል።

መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ በክልላችን ሲቋረጥ ኢሞም ቴሌግራምም ለብዙ ወራት አልነበረም። እኅቴ በቀጥታ መስመር እየደወለች፣ ከዚያ አገር በሚቆጥረው ውድ ዋጋ፣ «ደህና ናችሁ?» ብላ ትዘጋ ነበር። «ደህና ነን» ለማለት እንኳን ፈጥነን ነበር የምንናገረው። ከዚያ ወዲህ ርካሹ ሁሉ ዳታ ነው ብዬ ድምፅን አልተውኩም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው የሚደውልበት ደቂቃ ሁልጊዜ መኖር አለበት።

መጋቢት ላይ ተነጋገርን። እኔና ወንድሜ የስልክ እቁብ ብለን አንድ ቆርቆሮ አስቀመጥን። እሱ ያንኑ የዕለት 10 ብሩን፣ ባገኘ ቀን፣ እዚያ ይጥላል። እኔ በወሩ መጀመሪያ የወር ዳታ እገዛለታለሁ። ቆርቆሮው ቀስ እያለ ይከፍለኛል። ለራሴ ሳምንታዊውን ትቼ ትንሽዬ የወር ድምፅ ወሰድኩ። ለእማዬ 15 ብር ሂሳብ እና 25 ብር የሚሆን የድምፅ ስጦታ። ስጦታውን የምልከው ቅዳሜ ነው፣ ገበያ የሄዱ ሰዎች ጋ ስለምትደዋወል። መጋቢት ሲያልቅ የእኔ 220፣ የወንድሜ 200፣ የእማዬ 40 ሆነ። 460 ብር። ከየካቲት በ247 ብር ያነሰ ነው። እማዬ ግን ከየካቲት ይልቅ ብዙ ተናግራለች።

ጥቅል ስገዛ የሚመጣውን የማረጋገጫ መልእክት አሁን እስከ መጨረሻው አነባለሁ። የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት ተጽፏል። የዕለት ሲባል ከገዛሁበት 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት? በደብተሬ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ። ሁለት ቀን ሲቀረው ማን ጋ እንዳልደወልኩ አስባለሁ። አክስቴ ወረታ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በበዓል ካልሆነ የማልደውልላት ሴት ናት። አሁን የጥቅሉ ማለቂያ ላይ የእሷ ቀን ነው። «ምነው፣ ማን ሞተ?» ነበር ያለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

አንድ ነገር ግን ይቆጨኝ ነበር። እማዬና እኅቴ ድምፅ ለድምፅ አይገናኙም። የእማዬ ስልክ ኢሞ አያውቅም። የሪያዱ ቀጥታ ጥሪ ውድ ነው። እኅቴ የምትለውን እኔ ለእማዬ፣ እማዬ የምትለውን ለእኅቴ ሳደርስ ከረምኩ። የእናት ምርቃት በሰው አፍ ሲደርስ ይቀንሳል።

ባለፈው ዓርብ፣ የእኅቴ የዕረፍት ቀን ነው፣ ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ድምፅ እንዳይረብሽ ፎቶ ኮፒውን አጠፋሁት። የእኔን ስልክ ባንኮኒው ላይ አድርጌ እኅቴን በኢሞ ደወልኩላት። የወንድሜን ስልክ ተቀብዬ ከእኔ ወር ጥቅል በተላከለት ስጦታ እማዬን ደወልኩ። ሁለቱንም ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ አፍና ጆሯቸውን አገናኝቼ፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች፣ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው።

መጀመሪያ ፊሽታ ብቻ ነበር። ትንሽ አራራቅኳቸው። ፊሽታው ጠፋ።

«እማ?» አለች እኅቴ።

እማዬ ዝም አለች። ከዘጌ የወፍ ድምፅ ይሰማል።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ?»

«ይቺ ማን ናት?» አለች እማዬ። ከዚያ አወቀቻት። ወንድሜና እኔ ከባንኮኒው ራቅ ብለን በር ላይ ቆምን። 41 ደቂቃ አወሩ። ስለ እግሯ ነገረቻት። ስለ ቡናው፣ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ 4 ቁጥር። «ይኸው ይህቺን ስጫን እኅትሽ ትደውላለች፣ ብር አይቆርጥም» ስትል ሰማኋት።

ኪሴ ባዶ ነው፣ ስልኬ ባንኮኒው ላይ ነው። እማዬ ግን ለማሳየት ብላ ተጭናዋለች መሰለኝ፣ ባንኮኒው ላይ «እባክዎ መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለው መልእክት ብልጭ አለ።